ሬዲዮና ወይዘሮ

ከእንቅልፏ የቀሰቀሳት የስፌት መኪና ድምፅ ነበር። በዚያ ቤት ጠዋት ጠዋት የሚሰማው ሌላ ነው፤ ከታች ከጋጣው የባልዲ መንኳኳት፣ የተራቡ ፈረሶች በሩን በኮቴያቸው ሲደበድቡ፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ የጎሚስታው ነፋስ መሙያ ሲያፏጭ። የስፌት መኪናው የሚከፈተው መጋረጃ ሲቀደድ ወይም የልጆቹ ሱሪ ሲያጥር ብቻ ነው፤ እሱም ከምሳ በኋላ። በባዶ እግሯ ወደ ሳሎን ወጣች። የወንድሟ ሚስት ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ከመርፌው ሥር የሚያልፈው ጥቁር ጨርቅ፣ ትናንት ማታ በእርጥብ ፎጣ ተኩሳ የቁም ሣጥኑ በር ላይ የሰቀለችው የውድድር ጃኬቷ ነው። የትከሻው ስፌት ተተርትሮ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ወገቡ ላይ ደግሞ የሚጠብበት ቦታ በጠመኔ ተሰምሯል።

“ሙሽራ፣ ምን እያደረግሽ ነው?” አለቻት። የወንድሟ ሚስት ወደዚያ ቤት ከገባች ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለት ልጆችም ወልዳለች፤ ስሟ ግን እንደዚያው ሙሽራ ሆኖ ቀርቷል። ሙሽራ ዞር አለች። በከንፈሮቿ መሃል ስፒሎች ደርድራ ይዛለች። በጣቷ አፏን አሳየቻትና ትከሻዋን ሰበቀች፤ ስፒል ይዤ እንዴት ልናገር ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ስፒሎቹን ጨርቁ ላይ ሰክታ ስትጨርስ ግን ከሣጥኑ ሌሎች አንስታ አፏ ውስጥ ስትጨምር አየቻት።

ጃኬቱ ለማን እንደሚጠብ መጠየቅ አላስፈለጋትም። የእሷ ትከሻ ከልጅነቷ ጀምሮ ድርቆሽ የተሸከመ ትከሻ ነው፤ አይጠብም። ቢሆንም አልጮኸችም፤ ይህ ደግሞ ለእሷ ቀላል ነገር አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ ሬዲዮ የሚላት ያለ ነገር አይደለም። ሬዲዮ ከፈረስ ጋር ታወራለች፣ ከአካፋ ጋር ታወራለች፣ ድርቆሽ ከሚያራግፈው ሹፌር ጋር ስለ አማቱ ኩላሊት ታወራለች። አባቷ በሕይወት ሳለ “የዚች ልጅ ማጥፊያ የት ይሆን?” እያለ ጆሮዋን ዳበስ ዳበስ ያደርግ ነበር። የሰው ፈረስ የሚያድርበትንና ግልቢያ የሚያስተምሩበትን ጋጣ ለሁለት ልጆቹ ትቶላቸው ሲያርፍ፣ ወንድሟ ደንበኞቹን ያዘ፣ እሷ ፈረሶቹን ያዘች፤ ማንም ተቀምጦ አላካፈላቸውም፤ እንዲያው በየፊናቸው ወደሚመቻቸው ሄዱ።

በዚህ ዓመት ጋጣው ድሬሳዥ ውድድር ገብቶ ነበር። ድሬሳዥ ማለት ፈረስ ሳይዘል፣ ከማንም ጋር ሳይሽቀዳደም፣ ፊደል የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች በቆሙበት አራት ማዕዘን ሜዳ ውስጥ ብቻውን እየዞረ፣ በተባለበት ቦታ ሲራመድ፣ በሶምሶማ ሲሄድ፣ ሲጋልብ፣ ሲቆም በዳኛ የሚመዘንበት ነው። ወንድሟ ለአዲስ ደንበኛ ሲያስረዳ “ፈረስ ትምህርት ቤት ገብቶ የሚፈተንበት” ይለዋል። ሬዲዮ ዓመቱን ሙሉ ለፈተና ያቀረበቻት አንዲት ዳማ ባዝራ ናት። አረማመዷ ሁሉም መንገድ እንዲለቅላት የለመደች ባለጸጋ ሴት ስለሚመስል ስሟ ወይዘሮ ነው። ሁለቱ በገቡበት ውድድር ሁሉ ሁለተኛ ወጥተዋል። አንደኛ ሆነው አያውቁም፤ ሦስተኛም ሆነው አያውቁም። ምክንያቱ ምንጊዜም አንድ ነው። ጋላቢው ሜዳ ውስጥ ለፈረሱ ድምፅ ካሰማ ነጥብ ይቀነስበታል። ሬዲዮ ደግሞ ኮርቻ ላይ ስትወጣ አፏ አብሮ ይወጣል። “ጎሽ የኔ እመቤት፣” “ቀስ፣” “አሁን፣” “እሰይ” ሳታውቀው ያመልጣታል። ዋናዋ ዳኛ ጸጉራቸው የነጣ ሴትዮ ናቸው። ባለፈው ጊዜ ውጤቱን ሲነግሯት በመነጽራቸው አናት አይተዋት፣ “ልጄ፣ ፈረሷስ ግሩም ናት። አንቺ ግን ሜዳዬ ውስጥ ስልክ የምታወሪ ነው የምትመስይው” ብለዋታል። ዛሬ የዓመቱ መዝጊያ ነው።

ወጥ ቤት ስትገባ ወንድሟ እንቁላል ይጠብሳል። ይህን ስታይ የቀረው ጥርጣሬ ለቀቃት፤ ወንድሟ እንቁላል የሚጠብሰው ሰው ሲያስቀይም ነው። ወጥ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ሳይነካካ አይቆምበትም። መስኮቱ ላይ የፈረስ መድኃኒትና የሕፃን ሽሮፕ አብረው ተደርድረዋል፤ ከበሩ ጀርባ ልጓም ተሰቅሏል፤ ወንበሩ ላይ ማንም የማያነሳው የኮርቻ ምንጣፍ አለ። ምንጣፉን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች። ድርቆሽ እንደገና መጨመሩን ነገራት፤ ሰምቻለሁ አለችው። የፈረስ መጫኛውን ተሳቢ ጎማ ነፋስ ማስሞላቱን ነገራት፤ ጥሩ አደረግህ አለችው። ቀለበት መንገዱ ዛሬ እንደሚጨናነቅ ነገራት። ዳቦ ቆረሰች። ሳህኑን ፊቷ አኖረው፤ ለእሷ ሁለት እንቁላል አድርጎ ለራሱ አንድ አስቀርቷል። ሁለቱንም በእርጋታ በላች፤ ዳቦውንም ሳህኑ ላይ አሽታ በላች።

“ጋሼ፣” አለችው አፏን ጠርጋ፣ “ጃኬቴ በማን ልክ ነው የሚሰፋው?”

“የዶክተሩ ልጅ ናት ዛሬ የምትጋልበው።” መጥበሻውን እያጠበ ስለነበር ፊቱን አላየችም። ዶክተሩ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሁለት ፈረሶቹን እነሱ ጋ ያሳድራል። ከቀለበት መንገዱ ማዶ ጣሪያ ያለው ሜዳ የሠራ አዲስ ጋጣ ከተከፈተ ወዲህ ግን መኪናውን ሲያቆም ፊቱ ፈረሶቹን ሊወስድ ያሰበ ሰው ይመስላል። “ልጅቷ ዝም ብላ ነው የምትጋልበው። ዓመቱን ሙሉ በምን እንደተሸነፍን አንቺም ታውቂዋለሽ። ዛሬ ጥሩ ከሠራች የሚመጣውም ዓመት ወይዘሮ የእሷ ናት፤ ለአባቷ ቃል ሰጥቻለሁ።”

“እኔስ?”

“አንቺ ጀማሪዎቹን ታስተምሪያለሽ። ምላስ የሚያስፈልገው እዚያ ነው።”

ያናደዳት ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ውሸት ቢሆን ኖሮ አፉን ታስይዘው ነበር። ከሌሎቹ ጋጣዎች ጋር ሲተያዩ የሚያንሳቸው ጥቂት ነጥብ ነበር፤ ያቺ ጥቂት ነጥብ ደግሞ ከእሷ ከንፈር ነው የወደቀችው። ወይዘሮን ግን እሷ ናት ያሠለጠነቻት። ባዝራዋ ስትመጣ ሰው አታስጠጋም፤ ጆሮዋን የነካ ሁሉ ይነከሳል። ሬዲዮ በረጅም ገመድ ይዛ እያዞረች፣ በቃል ብቻ፣ መሄድንም መቆምንም አስተማረቻት። ይህን ሁሉ ልትዘረዝርለት አሰበችና ተወችው። “ትናንት ማታ ለምን አልነገርከኝም?” ብቻ አለችው።

“ብነግርሽ ሲነጋም ወሬው አያልቅም ነበር።” እጁን አደረቀ። “ሌላ ነገር አለ። ልጅቷ ቅደም ተከተሉን ትረሳለች። የጠዋቱ ዙር በንባብ ስለሆነ አንቺ ታነቢላታለሽ።”

የመዝጊያው ውድድር ሁለት ዙር አለው። በጠዋቱ ዙር ከሜዳው አጥር ውጪ አንድ ሰው ቆሞ፣ ጋላቢው የሚሠራውን ተራ በተራ ጮክ ብሎ ማንበብ ይፈቀድለታል፤ እንደተጻፈው ያነባል እንጂ ምክር አይጨምርም። የከሰዓቱ ዙር በቃል ነው፤ አንባቢ የለም። የሁለቱ ዙር ነጥብ ተደምሮ ዋንጫው ለጋጣው ይሰጣል። የሚመዘገበውም ፈረሱ ነው፤ ጋላቢውን እስከ ምሳ ድረስ መቀየር ይቻላል። ሬዲዮ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ሳህኗን አጠበች። “እሺ” አለችና ወጣች። ወንድሟ ፎጣውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ ሳትከራከር እሺ ስትለው የመጀመሪያዋ ነው።

ጋጣው ከሁለት ረጃጅም ፎቆች መሃል የተረሳ ግቢ ነው። ከላይ የተሰጣ ልብስ ይንጠባጠባል፤ የፎቆቹ ነዋሪዎች ስለ ሽታው ያማርራሉ፣ ልጆቻቸውን ግን የሚያባብሉት በፈረሶቹ ነው። ሬዲዮ ወይዘሮን አወጣችና ጋማዋን ትሠራላት ጀመር፤ ጸጉሩን በውኃ እያረጠበች፣ በቀጭን በቀጭኑ እየጎነጎነች፣ ጫፉን በጥቁር ክር እያሰረች ወደ ውስጥ ታጥፈዋለች። “ሰማሽ አይደል?” አለቻት። “ዛሬ ሌላ ሰው ነው የሚቀመጥብሽ። እንዳትነክሻት። መንከስ ካማረሽ ሌላ የምጠቁምሽ ሰው አለ።” ወይዘሮ አንድ ጆሮዋን ወደ ኋላ፣ ወደ ድምፁ አዞረች። ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ አንሶላ የምታሰጣ ሴት ወደ ታች ተጣራች፤ “ሬዲዮ፣ ዛሬም ሁለተኛ ናችሁ?”

“ዛሬ ዜና አንባቢ ነኝ እትዬ። ውጤቱን ከእኔ ትሰሚያለሽ።”

የዶክተሩ ልጅ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ቀጭን ናት፤ አንገቷ ረጅም፣ ድምፅዋ ደግሞ ካልተጠጓት የማይሰማ። ጠባቡን ጃኬት ክንዷ ላይ አጣጥፋ ይዛዋለች፤ ልክ የሰው ዕቃ እንደተበደረ ሰው። “እትዬ፣ እኔ አልጠየቅኩም” አለች። “ማን ጠየቀ?” ስትላት “አባዬ” አለች። “እንግዲያው ይቅርታውን አባትሽ ያምጣ። አንቺ ያንን ብሩሽ አቀብይኝ።” ልጅቷ ብሩሹን አቀበለቻት፤ ሳትታዘዝም የወይዘሮን ሆድ ትጠርግ ጀመር፤ ደግሞ አጠራረጓ ክፉ አይደለም፣ ጸጉሩን ተከትላ ነው። ሬዲዮ ልትጠላት ሞክራ አቃታት። ይህም ሌላ ንዴት ሆነባት።

ወይዘሮን ተሳቢው ላይ ጭነው ወጡ። ወንድሟ ይነዳል፣ ሙሽራ መሃል፣ ሬዲዮ መስኮቱ ጋ። ዶክተሩና ልጁ በራሳቸው መኪና ከኋላ ይከተላሉ። መንገዱ እንደተባለው ተጨናንቋል። መብራት ላይ ሲቆሙ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች በመስኮት አንገታቸውን አስግገው በተሳቢው ቀዳዳ የሚታየውን የፈረስ ዓይን ፎቶ ያነሳሉ፤ አንዱ የሞተር ብስክሌት ነጂ “ስንት ትሸጧታላችሁ?” ብሎ ጮኸ። ሌላ ቀን ቢሆን ሬዲዮ ከእሱ ጋር ገበያ ትከራከር ነበር። ዛሬ መስኮቱን ዘጋችው። ወንድሟ ሬዲዮኑን ከፈተ፣ የመኪናውን ማለት ነው፤ ሙሽራ እጇን ዘርግታ አጠፋችው። ከዚያ ሦስቱም እስኪደርሱ ድረስ የተሳቢውን መንቋቋት አዳመጡ። ሙሽራ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፤ ውስጡ ክርና ምላጭ፣ የስፒል ሣጥንም ነበረበት።

የውድድሩ ሜዳ ከከተማው ጫፍ ነው። ነጭ አጥሩ ከጉልበት አይበልጥም፤ አሸዋው በመጥረጊያ ተስተካክሎ ሰው ያልተኛበት አልጋ ይመስላል። ዳኛዋ ከጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ደወሉ ሲደወል ሬዲዮ ከአጥሩ ውጪ፣ ከሜዳው ጎን መሃል ላይ ቆማ ወረቀቱን ከፈተች። ልጅቷ ገባች። ጃኬቱ እሷ ላይ እውነትም ያምራል። “በመሃል መስመር ግቢ፤ ሜዳው መሃል ላይ ቁሚ፤ ሰላምታ።” ልጅቷ ገባች፣ ቆመች፣ እጅ ነሳች። “በሶምሶማ ቀጥዪ፤ መጨረሻ ላይ ወደ ግራ” ስትል ግን የሆነ ነገር አየች። የወይዘሮ ግራ ጆሮ ወደ እሷ ዞሯል። የልጅቷ እግር ገና አልተንቀሳቀሰም፤ ባዝራዋ ሄዳለች። ሬዲዮ ቀጣዩን ቃል ስታነብ ሆን ብላ የልጅቷን እግር ተመለከተች፤ እንደገና ፈረሷ ቀደመች። ልጅቷ ኮርቻው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ ነገር ግን የምትነዳት እሷ አይደለችም። በረጅም ገመድ ሲሠለጥኑ እንደነበረው፣ ወይዘሮ የምትሄደው በአጥሩ ማዶ በቆመችው ሰው ድምፅ ነው።

ያን ጊዜ ሬዲዮ ገባት። ሁሉ ነገር በእሷ አፍ ነው ያለው። ዓመቱን ሙሉ ለመናገር የተከለከለችበት ሜዳ ዛሬ እንድትናገር ፈቅዶላታል። ደግሞ ማበላሸት ብትፈልግ ሕግ መጣስ እንኳ አያስፈልጋትም፤ አንዲቱን ቃል በሰነፍ ድምፅ፣ ዘግየት አድርጋ ብታነባት ይበቃል፤ ወይዘሮ ሰሌዳውን አልፋ ትሄዳለች፣ ማንም ሬዲዮን አይጠይቃትም፣ ልጅቷም ነገ ሌላ ፈረስ ትፈልጋለች። ቃሉን ምላሷ ላይ ያዘችው። ወይዘሮ ከሜዳው ማዶ ጥግ ዞራ ጆሮዋን ወደ እሷ አቅንታ እየመጣች ነበር፤ ምን ልታዘዝ ብላ የምትጠብቅ ትመስላለች። ይቺን በሰው ፊት ላዋርዳት ነው? አለች ሬዲዮ በልቧ። በኮርቻው ላይ ማንም ይቀመጥ፣ ባዝራዋ የእሷ ሥራ ናት፤ የራሷን ሥራ በራሷ አፍ ልታበላሽ አልመጣችም። ትከሻዋን አቃናችና ጠዋት ጠዋት ጋጣው ውስጥ በምታወራበት ድምፅ፣ ሞቅ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ቃል በቦታው እያስቀመጠች አነበበች። ወይዘሮ ያን ዓመት እንደዚያ ሄዳ አታውቅም። ከሰዎቹ መሃል ወሬ ቆመ።

በጠዋቱ ዙር አንደኛ ሆኑ። ወንድሟ ዶክተሩን አቀፈው። ሬዲዮን ደግሞ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ “አየሽ? ዝም ያለ ሰው ሲጋልብ” አላት። የምትመልሰው ነገር ብዙ ነበር። ልትጀምር ስትል ልጅቷን አየቻት፤ ከተሳቢው ጀርባ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ዳቦዋን ሳትነካ ይዛለች። ስትጠጋት ቀና ብላ “እትዬ፣ እኔኮ አልጋለብኩም። ተጭኜ ነው የዞርኩት” አለቻት። ሬዲዮ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። “ገብቶሻል ማለት ነው?” “ከመጀመሪያው። ከሰዓት አንቺ ሳታነቢ ምን ላደርግ ነው?” ሬዲዮ ዳቦውን ከእጇ ተቀበለቻት። ከዚያ ተነስታ ልጅቷን “ነይ፣ ውጪባት” ብላ ወደ ማሟሟቂያው ሜዳ ወሰደቻት፤ ወንድሟና ዶክተሩ እዚያው አጥሩን ተደግፈው ነበር።

“ጋሼ፣ ከሰዓት አንባቢ የለም። ጠዋት ወይዘሮ የታዘዘችው ለእኔ ነው።”

“ይኸው፣ ሬዲዮው ተከፈተ” አለ ወንድሟ ለዶክተሩ።

አልመለሰችለትም። ልጅቷ በሶምሶማ እየዞረች ነበር። ሬዲዮ ወደ ዶክተሩ ዞር አለችና አፏን ከፍታ ወደ ውስጥ ጠቆመች። “ዶክተር፣ ካገኘሁዎት አይቀር፤ ይቺ የመንጋጋ ጥርሴ ቀዝቃዛ ውኃ ስጠጣ ትጠዘጥዘኛለች። አንዳንዴ ደግሞ…” አለችና ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ ሳትዞርም፣ “ቁሚ” አለች። ከኋላዋ ወይዘሮ ምስማር እንደመቱባት ተተክላ ቆመች። ልጅቷ አንገቷ ላይ ተንሸራተተች፤ ቆቧ ዓይኗን ሸፈነው። “…አንዳንዴ ደግሞ ማታ ትብሳለች። ምን ይሻላል? ሂጂ።” ወይዘሮ ሄደች። አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች ሳቁ፤ ልጅቷም ቆቧን ወደ ኋላ ገፍታ ሳቀች፤ ድምፅ ያለው ሳቅ ነበር። ዶክተሩ ሳንድዊቹን እንደያዘ “ነቅሎ መጣል ነው” አለ፤ ስለ ጥርሷ ይሁን ስለ ሌላ አልታወቀም።

ወንድሟ ግን አልሳቀም። “እና ምን ይሁን?” አላት። “አንቺ ስትቀመጪባት ታወሪያለሽ፣ ነጥብ ይሄዳል። እሷ ስትቀመጥባት ዝም ትላለች፣ ፈረሷ ባሻት ትሄዳለች። በሁለቱም በኩል ሞተናል።” የተናገረው ልክ ነበር። መልስ ያመጣችው ያልተጠበቀች ሰው ነች። ልጅቷ ወይዘሮን ወደ አጥሩ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጋማው ላይ አድርጋ፣ “ቃሉን አይደለም የምትጠብቀው” አለች። “እትዬ ከመናገሯ በፊት አየር ትስባለች። ወይዘሮ ያኔ ነው ጀርባዋ የሚለወጠው፤ ከሥሬ ይሰማኛል። አሁንም ቁሚ ሳትላት ነው የጀመረችው።” ሬዲዮ ልጅቷን አየቻት። ስንት ዓመት ፈረስ ላይ ስትወጣ ይህን አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ እያወራች ስለነበር ትንፋሿን ሰምታው አታውቅም።

“እንግዲያው አልናገርም” አለች። “እተነፍሳለሁ።”

“አንቺ?” አለ ወንድሟ።

“እኔ።”

“በእንቅልፍሽ ከትራስሽ ጋር የምትጣዪው አንቺ?”

“አንዲት ድምፅ ከሰማህ የሚመጣው ዓመት ጀማሪዎቹ ጋ ነኝ። ወይዘሮን ለፈለግኸው ስጥ፤ ቃል አልተነፍስም።”

ወንድሟ ወደ ዶክተሩ ተመለከተ። ዶክተሩ ወደ ልጁ ተመለከተ፤ ልጁ ከባዝራዋ ወርዳ የጃኬቱን ቁልፎች እየፈታች በልመና ታየዋለች። “ይህንን ፊት አውቀዋለሁ” አለ ዶክተሩ። “ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ማደንዘዣ የምወጋው ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚያየኝ። ቃልህን መልሼልሃለሁ። ፈረሶቼም ያሉበት ይቆዩ፤ ይቺ ልጅ እንደዚህ ስትስቅ የሰማሁት ዛሬ ነው።” ወንድሟ ጋላቢ መቀየሩን ሊያስመዘግብ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሲሄድ ጀርባው ደስ ያለው አይመስልም፣ የተከፋም አይመስልም፤ ሸክም ያወረደ ሰው ነው የሚመስለው።

የቀረው ጃኬቱ ነበር። ሬዲዮ በግድ እጇን አስገባች፤ ትከሻው ላይ ግን አልዘጋም አለ፤ ስትጎትተው የላይኛው ቁልፍ ተበጥሶ ተሳቢው ወለል ላይ ተንከባለለ። ሙሽራ ምላጯን አውጥታ ቀርባ ነበር። ሬዲዮን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ጠዋት የሰፋችውን እዚያው ገላዋ ላይ ትተረትረው ጀመር።  “ጠዋት ልነግርሽ ነበር” አለች ሙሽራ ክሩን እየበጠሰች።

“ስፒል ይዘሽ ነበር።”

“ስፒሉን የያዝኩት እንዳልነግርሽ ነው። አፌ ባዶ ከሆነ ፊትሽን አይቼ ዝም ማለት አልችልም።” ትከሻውን ለቀቀችው፤ ጃኬቱ ተንፍሶ ቦታውን ያዘ። በትልልቁ ጠቅ ጠቅ አድርጋ ሰፋችው፤ ከቅርብ ላየው ያስቃል፣ ከዳኛዋ ወንበር ግን አይታይም። የተበጠሰውን ቁልፍ አንስታ ልትሰፋ ስትል ሬዲዮ ከእጇ ወሰደችው። በሱሪዋ ጠረገችውና ከንፈሯ መሃል አደረገችው፤ ከዚያ በጥርሶቿ ያዘችው። ሙሽራ አየቻትና ገባት።

“እንዳትውጪው እንጂ።”

ሬዲዮ በአገጯ ወደ ዶክተሩ ጠቆመች።

“እሱ የጥርስ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን አያውቅም” አለች ሙሽራ፤ ጠዋት ከተነሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሬዲዮ በተዘጋ አፏ።

ደወሉ ተደወለ። ሬዲዮ በመሃል መስመር ገባች፣ ቆመች፣ ለዳኛዋ እጅ ነሳች። ቁልፉ ምላሷ ጫፍ ላይ ቀዝቃዛ ነው። ወይዘሮ ጆሮዋን ወደ ኋላ አዙራ ጠበቀች፤ የለመደችውን ቃል ነው። ቃሉ አልመጣም። ሬዲዮ አየር ሳበች፤ ልክ “ሂጂ” ልትል እንደሆነ ደረቷን ሞላች፤ ሳትልም ተወችው። ወይዘሮ ሄደች። ሬዲዮ ያን ጊዜ ልትጮህ ምንም አልቀራትም። ሜዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ነበረው፤ የአሸዋው መንሾካሾክ፣ የኮርቻው ቆዳ፣ የባዝራዋ ትንፋሽ ከራሷ ትንፋሽ ጋር ሲገጥም። ዓመቱን ሙሉ በዚህ ላይ ነበር የምታወራው። ሰሌዳዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ አለፉ፤ በየአንዳንዳቸው ላይ ቃሉ ተነሳ፣ ቁልፉን ነካ፣ ተመልሶም ትንፋሽ ሆነ። ከማዶው ጥግ ሲደርሱ አንድ ሕፃን የያዘው ፊኛ ፈነዳ። ወይዘሮ ወገቧን ሰብራ ወደ ጎን ዘለለች፤ “አይዞሽ፣ እኔ አለሁ፣ ምንም አይደለም የኔ እመቤት” የሚለው ሁሉ አንድ ላይ ወደ ጉሮሮዋ ወጣ። አጥሩ ጋ ወንድሟ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ሬዲዮ ቁልፉን ነከሰችው። አየሩን ቀስ አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው አስወጣችው፤ ያለችው አይዞሽ ያ ነበር። ወይዘሮ ጀርባዋን አለሰለሰች፣ መስመሩን መልሳ ያዘች፣ የምትታወቅበትንም እርምጃ ጀመረች፤ መንገድ እንደተለቀቀላት ባለጸጋ።

መጨረሻው ላይ ቆሙ። ሰላምታ ሰጠች። ከሜዳው ሳትወጣ ዳኛዋ በእጃቸው ጠሯት፤ በመነጽራቸው አናት እያዩ፣ “ምነው ልጄ፣ ዛሬ ስልኩን ዘጋሽው?” አሏት። ሬዲዮ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። በዚያ ዙር ሁለተኛ ወጡ፤ ያቺ የፊኛዋ ዝላይ ዋጋ ነበራት። በሁለቱ ዙር ድምር ግን የሚቀድማቸው አልነበረም። ውጤቱ ሲነገር የዶክተሩ ልጅ ጆሮ በሚበሳ ድምፅ ጮኸች፤ ሁሉም ዞረው አዩዋት፤ አባቷ ጭምር።

ወንድሟ የወይዘሮን ልጓም ይዞ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። አንድ ነገር ሊል ፈልጎ አንገቷን ዳበሰ፣ የባዝራዋን ማለት ነው። “በይ እንግዲህ፣ ተናገሪ። መቼስ ተዘጋጅተሽበታል” አላት። ሬዲዮ ከኮርቻው ወረደች። በእርግጥም ተዘጋጅታበት ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ ተራ በተራ ያሰለፈችው ንግግር ነበራት። አሁን ስትፈልገው ግን አብዛኛው የት እንደገባ አጣችው። ቁልፉን መዳፏ ላይ ተፋችው፤ የጥርሷ ምልክት ጠርዙ ላይ ቀርቷል።

“ነገ ሦስት እንቁላል” አለችው። ከዚያ ጃኬቱን አውልቃ ከቁልፉ ጋር ለሙሽራ ሰጠቻት። “ይኸው፣ ስፊው። በእኔ ልክ።”